አዲስ ሥራ የያዘ ሰው የጤና መድኑን እንዴት ይምረጥ

አንድ ወጣት ትምህርቱን ፈጽሞ ሥራ ባገኘ ጊዜ በቤተ ሰቡ ዘንድ የሚሆነው ደስታ ከማንም የተሰወረ አይደለም። እናት ቡና አፍልታ ጎረቤት ትጠራለች፤ ዘመድ ሁሉ አስቀድሞ የሚጠይቀው ደመወዙ ስንት እንደ ሆነ ነው፤ ከዚያም ቀጥሎ በየት ከተማ እንደሚቀመጥ፥ አለቃውም ምን ዓይነት ሰው እንደ ሆነ ይጠየቃል። ነገር ግን ከሥራው ውል ጋር ተያይዛ የምትመጣውን፥ ስለ ሕክምና የምትናገረውን አንዲት ቅጠል ወረቀት አንሥቶ የሚያነብ ሰው እምብዛም አይገኝም። እኔም ራሴ ቀኑን ሙሉ በፍርድ ቤት መዝገብ ስጽፍና ውል ስገለብጥ የምውል ሰው ሆኜ ሳለሁ ይህችን ወረቀት በእጄ ይዤ ሳላነባት ቀርቻለሁ። ስለዚህ የዛሬውን ጽሑፍ የምጽፈው እንደ ዐዋቂ ሳይሆን በገዛ ቸልታው እንደ ተጎዳ ሰው ነው።

ታላቅ እኅቴ በሀብሩ ወረዳ፥ ከመርሳ ከተማ በእግር አንድ ሰዓት ተኩል ያህል በሚያስኬድ መንደር የምትኖር፥ ባሏ የሞተባት ገበሬ ናት። አንድ ልጅዋ ትምህርቱን ከጨረሰ በኋላ በወልድያ በአንድ የንግድ ድርጅት በሒሳብ ጸሐፊነት ተቀጠረ። በተቀጠረም በሳምንቱ፥ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ወረቀቶቹን ይዞ ከቤቴ መጣና «ጋሼ፥ የሕክምናው መድን ሁለት ዓይነት ነው፤ አንዱን መርጠህ ፈርም ብለውኛል፤ የትኛው ይሻለኛል?» ሲል ጠየቀኝ።

የመጀመሪያው ዓይነት ከደመወዙ ጥቂት ብቻ የሚቆረጥበት ሲሆን ሠራተኛው ታምሞ አልጋ ይዞ የተኛ እንደ ሆነ ወጪውን የሚችል ነው። ሁለተኛው የሚቆረጠው ገንዘብ ከፍ ያለ ሲሆን የተመላላሽ ሕክምናውንና መድኃኒቱን ጭምር «ለሠራተኛውና ለቤተ ሰቡ» ይከፍላል። እኔም እንደ ሥራዬ ልማድ ማኅተሙን አየሁ፤ ቀኑን አየሁ፤ ፊርማ የጎደለው ስፍራ እንዳለ ተመለከትሁ። ከዚያም በኋላ «ቤተ ሰብ ካለበት ሁለተኛው ይሻላል፤ እናትህን አስብ» አልሁት። ልጁም ደስ ብሎት ፈረመ።

በዚያው ዓመት አዝመራ ከገባ በኋላ የቀበሌው ሰዎች ለማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን የዓመቱን መዋጮ ለመሰብሰብ ወደ እኅቴ መንደር መጡ። እኅቴ ይህን መዋጮ ሳታቋርጥ የምትከፍል ሴት ነበረች። ልጅዋ ግን በስልክ «እማ፥ ዘንድሮ አትክፈዪ፤ በእኔ ገብተሻል» አላት። እርስዋም ለሰው ሁሉ ልጄ አሳከመኝ ብላ እየተናገረች ገንዘቡን በሣጥንዋ አስቀመጠችው።

ግንቦት በገባ ጊዜ ከቀኝ ጎድኗ በታች ጭንቅ የሆነ ሕመም ያዛት፤ የበላችውም አልረጋ አለ። የመንደሩ ቅሬ ሰዎች በቃሬዛ ተሸክመው እስከ መኪናው መንገድ አወጧት። በመርሳ ታይታ ወደ ወልድያ ተላከች፤ ሐኪሞቹም መርምረው የሐሞት ጠጠር ነው፥ ቀዶ ጥገና ያስፈልጋታል አሉ። ልጁ ካርዱን አውጥቶ ወደ መሥሪያ ቤቱ የሠራተኛ ጉዳይ ክፍል ስልክ ደወለ። በዚያ ያለው ሰው በትሕትና መለሰለት፤ ነገሩ ግን እንዲህ የሚል ነበር፦ ቤተ ሰብ የሚባሉት የሠራተኛው ሚስት፥ እንዲሁም ዕድሜአቸው ከ18 ዓመት በታች የሆነ ልጆቹ ናቸው፤ እናት በዚህ ውስጥ የለችም።

ልጁ ሚስትም ልጅም የለውም። ስለዚህ ስንት ወር ሙሉ ከደመወዙ ከፍ ያለውን ገንዘብ ያስቆረጠው ላልተወለዱ ልጆችና ላልታጨች ሚስት ነበር ማለት ነው። የቀበሌውም ካርድ ባለመታደሱ ዋጋ አልነበረውም። በማግሥቱ የእኅቴ ጊደር በመርሳ ገበያ ተሸጠች፤ የጎደለውን እኔ ሞላሁ።

እኅቴ እግዚአብሔር ይመስገን ድናለች። ነገር ግን ነገሩን በሰማች ጊዜ ገና በአልጋዋ ላይ ሳለች ልጅዋን ቀና ብላ አይታ «ታዲያ እኔ ቤተ ሰብህ አይደለሁም?» ያለችው ቃል እስከ ዛሬ ከጆሮዬ አልወጣም። ልጁ ዝም አለ። እኔም ዝም አልሁ። ወረቀቱን በቤቴ ባነበብሁት ኖሮ በሦስተኛው መስመር ላይ በግልጥ ተጽፎ ነበርና።

ቤተ ሰብ የሚለውን ቃል እኛ ከግእዙ ወስደን የቤት ሰዎች ማለት እንደ ሆነ እናውቃለን። በእኛም አገር የቤት ሰዎች የሚባሉት እናትና አባት፥ ያላገባች እኅት፥ አሳዳጊ ያጣ የወንድም ልጅ፥ አንዳንድ ጊዜም በቤቱ ያረጀ አሽከር ጭምር ናቸው። መድን የሚሰጠው ወገን ግን እንደዚህ አይቈጥርም። ስለምን ቢሉ እርሱ የሚያሰላው ምን ያህል ሰው በዓመቱ ውስጥ ይታመማል፥ ስንትስ ያወጣል ብሎ ነውና፥ ሽማግሌና አሮጊት ከገቡበት ሒሳቡ ይከብድበታል። ይህን ማድረጉ ክፋት አይደለም፤ ውል ነው። በዚያም ላይ በኋላ እንደ ተረዳሁት በሕጎቻችን መካከል እንኳ ቃሉ አንድ ዓይነት ትርጓሜ የለውም። በጡረታ ሕግ ሠራተኛው የሞተ እንደ ሆነ በእርሱ ይረዱ የነበሩ ወላጆቹ ተተኪ ተብለው አበል የሚያገኙበት መንገድ አለ። በ2002 ዓ.ም. የወጣው የማኅበራዊ ጤና መድን አዋጅ ቁጥር 690 ግን ቤተ ሰብ የሚለው የትዳር ጓደኛንና ከ18 ዓመት በታች ያለ ልጅን ነው። ስለዚህ አንዲት እናት ልጅዋ በሞተ ጊዜ ቤተ ሰቡ ሆና፥ እርስዋ በታመመች ጊዜ ቤተ ሰቡ ሳትሆን ትገኛለች።

መድን ማለት በጥንቱ አነጋገር ስለ ሌላው ሰው ዕዳ ዋስ ሆኖ የሚቆም ማለት እንደ ነበረ በፍርድ አደባባይ ያደገ ሰው ያውቀዋል። በወንጌል የተነገረለት ደጉ ሳምራዊም የቆሰለውን ሰው ወደ እንግዶች ማረፊያ ወስዶ ሁለት ዲናር ከሰጠ በኋላ፥ ከዚህ በላይ ያወጣኸው ቢኖር ስመለስ እከፍልሃለሁ ብሎ ለባለ ቤቱ ተዋሰለት። የዛሬው የጤና መድን ከዚህ የሚለየው ሳምራዊው አንድ ሰው ሳይሆን ብዙ ሰዎች በመሆናቸውና ገንዘቡም ሰውየው ሳይቆስል አስቀድሞ በመሰብሰቡ ነው።

የወሎ ሰው ይህን ለመረዳት ሩቅ መሄድ አያስፈልገውም፤ ቅሬ አለለት። ሌላው አገር እድር የሚለውን እኛ ቅሬ እንለዋለን። በአንድ ቅሬ ውስጥ እስላሙም ክርስቲያኑም፥ ሀብታሙም ድኻውም ያዋጣሉ፤ አንድ ቤት ኀዘን በደረሰበት ጊዜ ያለው ሁሉ ወጥቶ ይቀብራል፥ ያስተዛዝናል። ሃያ ዓመት ሙሉ አዋጥቶ ከቤቱ ማንም ያልሞተበት ሰው ገንዘቤን መልሱልኝ ሲል ሰምቼ አላውቅም፤ ቢልም ይሣቅበታል። በጤና መድን ግን ይህንኑ የሚሉ ብዙ የተማሩ ሰዎች አሉ። «ዓመቱን ሙሉ ከፍዬ አልታመምሁም፤ ከሰርሁ» ይላሉ። ሳይታመሙ መክረም ክሳራ ከሆነ ኪሳራውን እግዚአብሔር ለሁላችንም ያብዛልን።

በአውሮፓም ነገሩ የተጀመረው በዚሁ ዓይነት ነው። የእጅ ሥራ ማኅበሮች በመካከላቸው እያዋጡ የታመመውን ይረዱ ነበር። በጀርመን አገር በቢስማርክ ዘመን፥ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1883 ዓ.ም. የወጣው ሕግ ይህን ለሠራተኛ ግዴታ አደረገው፤ ከመዋጮውም ሦስት እጅ ሁለቱን ሠራተኛው፥ አንዱን እጅ አሠሪው እንዲከፍል አዘዘ። በእንግሊዝም በ1911 በወጣው ሕግ ወንድ ሠራተኛ በየሳምንቱ 4 ፔንስ፥ አሠሪው 3 ፔንስ፥ መንግሥት 2 ፔንስ እንዲያዋጡ ሆነ። አንባቢዬ ግን ይህን ልብ ይበል፤ በዚያ ሕግ ሐኪም የሚያየው ሠራተኛውን ብቻ ነበር። ሚስቱና ልጆቹ አልገቡበትም፤ ይህ ጉድለት በመላው የተስተካከለው በ1948 ዓ.ም. የብሔራዊ ጤና አገልግሎት በተቋቋመ ጊዜ ነው። ከቤተ ሰብ ማን ይገባል የሚለው ጥያቄ እንግዲህ በእኅቴ ቤት የተጀመረ አይደለም።

ወደ አገራችን እንመለስ። በገበሬውና በራሱ ሥራ በሚተዳደረው ከተሜ መካከል የተተከለው ማኅበረሰብ አቀፍ የጤና መድን በ2003 ዓ.ም. በአራት ክልሎች በ13 ወረዳዎች ለሙከራ ተጀመረ። ከእነዚያም አንዱ የእኛው ጎረቤት፥ በደቡብ ወሎ ያለው ተሁለደሬ ነው፤ በአማራ ክልል ሌሎቹ ፎገራና ደቡብ አቸፈር ነበሩ። ከዚያ በኋላ በየወረዳው እየተስፋፋ ወደ እኛም ደረሰ።

የዚህ መድን ዋና ጠባይ አንድን ሰው ለብቻው አለመመዝገቡ ነው። የሚገባው ቤቱ በሙሉ ነው። በአባወራው ወይም በእማወራዋ ስም ባልና ሚስት ከትንንሽ ልጆቻቸው ጋር በአንድ መዋጮ ይጠቃለላሉ፤ ከ18 ዓመት በላይ የሆነው ጥገኛ ሰው ደግሞ ተጨማሪ እየተከፈለለት ሊገባ ይችላል። የታመመውን ብቻ አስመዝግቦ ጤነኛውን ማስቀረት ቢፈቀድ ኖሮ ማኅበሩ የሕመምተኞች ብቻ ማኅበር ሆኖ በዓመቱ ይፈርስ ነበር። ለመክፈል የማይችለውን ድኻ ሕዝቡ ራሱ መርጦ ስሙን ሲያቀርብ መዋጮውን መንግሥት ይችልለታል። የመዋጮው ልክ በየጊዜው ስለሚታደስ እዚህ አልጽፈውም፤ ይሁን እንጂ አንድ የቀዶ ጥገና ወጪ ከብዙ ዓመት መዋጮ እንደሚበልጥ ጊደሯ ትመስክር።

ሥርዓትም አለው። ታማሚው አስቀድሞ ወደ ጤና ጣቢያ ይሄዳል፤ ከዚያ የመላኪያ ወረቀት ተቀብሎ ወደ ሆስፒታል ይወጣል። በሙከራው ዘመን ሳይላክ በቀጥታ ወደ ሆስፒታል የሄደ አባል ከወጪው ግማሹን ራሱ እንዲከፍል ተወስኖ ነበር። ብዙ ሰው በዚህ ነገር ይማረራል፤ እኔ ግን ትክክል ይመስለኛል። ጉንፋን የያዘው ሁሉ ወደ ወልድያ ሆስፒታል ቢጎርፍ፥ በቃሬዛ የመጣው የት ይቆማል?

ለደመወዝተኛው የታሰበው ሌላ ነው፤ ይኸውም ከላይ ያነሣሁት የማኅበራዊ ጤና መድን ነው። በዚህ ሥርዓት ሠራተኛው ከደመወዙ ከመቶ 3፥ አሠሪውም እንደዚሁ ከመቶ 3 እንዲያዋጡ፥ ጡረተኛው ደግሞ ከአበሉ ከመቶ 1 እንዲከፍል ተወሰነ። ለምሳሌ ደመወዙ 6000 ብር የሆነ ሰው በወር 180 ብር ይከፍላል፤ አሠሪውም 180 ብር ይጨምርለታል። አንድ ልጅ ያለውና ስድስት ልጅ ያለው ደመወዛቸው እኩል ከሆነ መዋጮአቸው እኩል ነው። ላጤ ሰው ይህን ሲሰማ ፊቱን ያጠቁራል፤ ግን ላጤ ሆኖ የሚቀረው ስንቱ ነው? ሕጉ የማይከፍልባቸውም አሉ፤ ከአገር ውጭ የሚደረግ ሕክምና፥ ለመልክ ማሳመሪያ የሚሆን ቀዶ ጥገና፥ ሰው ሠራሽ ጥርስና መነጽር ከእነርሱ መካከል ናቸው። አዋጁ ከወጣ በኋላ የመዋጮው መጀመሪያ ቀን ከአንድ ጊዜ በላይ ተላልፏል፤ ስለዚህ አዲስ የተቀጠረ ሰው በመሥሪያ ቤቱ ይህ መቆረጥ ጀምሮ እንደ ሆነና እንዳልሆነ የገንዘብ ክፍሉን ይጠይቅ እንጂ በወሬ አይደገፍ።

ሦስተኛው የእኅቴ ልጅ የገጠመው ዓይነት ነው። የግል ድርጅቶችና አንዳንድ ማኅበራት ከመድን ኩባንያ ጋር ተዋውለው ለሠራተኞቻቸው የቡድን የሕክምና መድን ይገዛሉ። የሚከፈለውም ገንዘብ ዓረቦን ይባላል። አንዳንዱ አሠሪ ዓረቦኑን በሙሉ ራሱ ይከፍላል፤ አንዳንዱም ከሠራተኛው ጋር ይካፈላል። ምርጫ የሚባለው ነገር በእውነት የሚመጣው እዚህ ላይ ነው፤ ችኮላም የሚጎዳው እዚሁ ላይ ነው።

እንግዲህ ወረቀቱን የያዘ ሰው ከማን ይገባል ቀጥሎ ሊመረምረው የሚገባው፥ ካርዱ የሚሠራው የት ነው የሚለውን ነው። የመድን ኩባንያ ውል ያላቸው ሐኪም ቤቶች ዝርዝር አለው። ይህ ዝርዝር ረጅም ሊሆን ይችላል፤ ነገር ግን ሁሉም አዲስ አበባ የሚገኙ ከሆኑ ከዚያ ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ ርቆ ወልድያ ለተቀመጠ ሰው ምን ይረባዋል? በግራና ወይም በውርጌሳ ለሚሠራ ሰው ደግሞ ይብሳል። ሌሊት የተነሣ ሕመም ዝርዝር አይጠብቅም። ስለዚህ ዝርዝሩን ተቀብሎ በጣት እየተከተሉ የወልድያንና የደሴን ስም መፈለግ፥ ካልተገኘም ሌላ ሐኪም ቤት ብታከም ገንዘቤ ይመለስልኛል ወይ ብሎ መጠየቅ ተገቢ ነው።

ቦታ ማለት በእኛ አገር ቀላል ነገር አይደለም። በ2013 ዓ.ም. መጨረሻ ጦርነቱ ወደ ሰሜን ወሎ በደረሰ ጊዜና እስከ 2014 ዓ.ም. ታኅሣሥ ድረስ በወልድያና በአካባቢው የነበሩ የሕክምና ተቋሞች ተዘርፈው፥ ዕቃቸውም ተሰባብሮ እንደ ነበረ ያየ ሁሉ ያውቃል። በዚያን ወራት የየትኛውም መድን ካርድ ቢኖር መድኃኒት የሌለበት መደርደሪያ ፊት ምንም አልነበረም። ይህን የማነሣው ሰው መድንን እንዲንቅ አይደለም፤ የወረቀት ዋስትናና የሐኪም ቤት መኖር ሁለት የተለያዩ ነገሮች መሆናቸው እንዳይረሳ ነው።

ቀጥሎ ገንዘቡ እንዴት ይከፈላል የሚለው ይመጣል። አንዳንዱ መድን ካርዱን አሳይቶ ያለ ገንዘብ የሚያሳክም ነው፤ አንዳንዱም አስቀድመህ ከኪስህ ከፍለህ ደረሰኙን ስታቀርብ የሚመልስልህ ነው። ደመወዙ ከወር ወደ ወር ለማያደርሰው ጀማሪ ሠራተኛ የፊተኛው እጅግ ይሻላል፤ የሚከፍለው ገንዘብ የሌለው ሰው ይመለስልሃል ቢባል ምን ይመለስለታል? የኋለኛው ሆኖ ከተገኘ ግን የደረሰኝን ነገር ከሙያዬ የተነሣ አጥብቄ እናገራለሁ። ደረሰኝ ማለት ማኅተም፥ ቀን፥ የታማሚው ሙሉ ስምና የተከፈለው ገንዘብ በፊደልና በአኃዝ ያለበት ማለት ነው። በፍርድ ቤት ሐቀኛ ሰው በደረሰኝ ጉድለት ሲረታ ብዙ ጊዜ መዝግቤአለሁ። በመታወቂያህ ላይ ያለው ስምና በሐኪም ቤቱ ካርድ ላይ ያለው ስም በአንዲት ፊደል ቢለያዩ፥ አንዱ «ኀይለ» ሌላው «ሃይለ» ቢል እንኳ፥ በመስኮት በኩል ያለችው ልጅ ትመልስሃለች። የሐኪሙን የመድኃኒት ማዘዣም ከደረሰኙ ጋር አያይዝ። ማቅረቢያው በስንት ቀን ውስጥ እንደ ሆነም ጠይቅ፤ ቀን አለውና።

የወሰኑ ነገርም አለ። የግል መድን ለአንድ ሰው በዓመት እስከዚህ ድረስ እከፍላለሁ ብሎ ልክ ያበጃል፤ ለወሊድ፥ ለጥርስና ለዓይን ደግሞ ለየብቻ ትንሽ ወሰን ያደርጋል፤ ወይም ፈጽሞ አይከፍልም። ከመግባትህ አስቀድሞ የነበረብህን በሽታ የማይከፍል አለ፤ ጥቂት ወራት ካልጠበቅህ የማይከፍልም አለ። የስኳር ወይም የደም ግፊት በሽታ ያለበት ሰው ይህን ሳይጠይቅ መፈረም የለበትም። በሽታውንም ደብቆ መፈረም አይበጅም፤ በኋላ የተገለጠ እንደ ሆነ ውሉን ያፈርሰዋልና።

ብዙ ሰው በከንቱ የሚከፍልበት ነገር እንዳለም መናገር አለብኝ። ክትባት፥ የሳንባ ነቀርሳ ምርመራና ሕክምና፥ በመንግሥት ጤና ጣቢያ የሚደረግ ወሊድ ለማንም ሰው ያለ ክፍያ የሚሰጡ ናቸው፤ መድን መኖሩም አለመኖሩም አይጠየቅም። እንደዚሁም በሥራ ላይ ለሚደርስ ጉዳት የሕክምናውን ወጪ አሠሪው እንዲችል የሠራተኛ ሕግ ያዝዛል። በ2011 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1156 የታመመ ሠራተኛ በ12 ወር ውስጥ እስከ 6 ወር የሕመም ፈቃድ እንዲያገኝ፥ ለመጀመሪያው አንድ ወር ሙሉ ደመወዝ፥ ለሚቀጥሉት ሁለት ወራት ግማሽ ደመወዝ እንዲከፈለው፥ የቀሩት ሦስት ወራት ግን ያለ ደመወዝ እንዲሆኑ ወስኗል። ስለዚህ አሠሪህ ይህን በሕግ ያለውን ነገር እንደ ልዩ ስጦታ አድርጎ በወረቀቱ ላይ ቢደረድርልህ፥ አመስግነህ ወደሚቀጥለው መስመር እለፍ።

ይህን ገጽ ከሚያነቡት መካከል ብዙዎቹ ራሳቸው አሠሪዎችና የቤት ጌቶች፥ በየመሥሪያ ቤቱም የሰው አለቆች እንደ ሆኑ አውቃለሁ። አዲስ ሠራተኛ ሲገባ የመድኑን ወረቀት በጠረጴዛ ላይ አድርጎ «እዚህ ላይ ፈርም» ከማለት ይልቅ አንድ ሩብ ሰዓት ተቀምጦ ማን እንደሚገባና ማን እንደማይገባ በአፍ ቢነግሩት ምን ይጎድላቸዋል? ልጁ ያፍራል እንጂ አይጠይቅም፤ አዲስ ገብ ሆኖ ብዙ የጠየቀ እንደ ሆነ አስቸጋሪ ይሉኛል ብሎ ይፈራል። በበራችሁ የሚያድረው ዘበኛም ሚስትና ልጆች በገጠር አሉት፤ የዓመት መዋጮአቸው ለጌታው አንድ ግብዣ የማይመልስ ገንዘብ ነው። ደመወዝ ከመጨመር ይልቅ ይህን መክፈል የሚሻልበት ጊዜ አለ፤ የተጨመረው ደመወዝ በወሩ ያልቃል፤ ካርዱ ግን እስከ ዓመት ይቆያል።

እኅቴ ካገገመች በኋላ ከልጅዋ ጋር ሦስታችን በቤቴ ተቀመጥን፤ ያን ጊዜ ወረቀቱን ከመጀመሪያው መስመር እስከ መጨረሻው ድምፄን ከፍ አድርጌ አነበብሁ። ከዚያም ሒሳብ አደረግን። ልጁ ሚስት እስኪያገባ ድረስ ወደ መጀመሪያው፥ ለራሱ ብቻ ወደሚበቃው መድን ቢመለስ በየወሩ የሚተርፈው ገንዘብ በዓመት ሲደመር የእናቱን የቀበሌ መዋጮ ከፍሎ የሚተርፍ ሆኖ ተገኘ። ለድርጅቱም ማመልከቻ ጻፍሁለት፤ ምርጫውን ለመለወጥ የሚፈቀደው ውሉ በሚታደስበት ጊዜ ብቻ ነው ተብሎ አምስት ወር ጠበቀ። ይህም በወረቀቱ ላይ ተጽፎ ነበር።

ባለፈው ኅዳር መዋጮ ሰብሳቢዎቹ ወደ መንደሩ በወጡ ጊዜ ልጁ ገንዘቡን አስቀድሞ ልኮላት ነበር። እኅቴ ግን የከፈለችው በዚያ በሣጥንዋ በቆየው ገንዘብ ነው፤ መዋጮው በመካከሉ ስለ ተጨመረ ጥቂት አልበቃትምና ከልጅዋ የጎደለውን ብቻ ወሰደች። የቀረውን ጊደር ለመግዣ አስቀምጪልኝ ብላ ለእኔ ሰጠችኝ። ካርዱን ሊያያት የሄደ ሰው ሁሉ አሳዪኝ ሲላት ታወጣለች፤ በላዩ ላይ የተጻፈውም የቤቱ እማወራ ተብሎ የእርስዋ ስም ነው።